ያልታጠበ ሉህ

ባለፈው ሰኔ በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ለብለብ ምሩቃን ንግግር አድርጌ ስጨርስ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ባለሥልጣን ተነስቶ፣ «ለብለብ የሚለው ቃል ምሩቃንን የሚያዋርድ ስድብ ስለሆነ ወይዘሮዋ ቢያነሱት» አለ። አላነሳሁም። ሥጋ ቤት ገብቶ ለብለብ የሚያዝ ሰው ምን እንዳዘዘ ያውቃል፤ ላዩ እሳት ያየ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ሥጋ ነው፤ ወዶ ይበላዋል። ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ገበሬ ግን እንዲህ ብሎ አላዘዘም። በስሎ ይመለሳል ብሎ የላከውን ልጅ ላይ ላዩን ብቻ ጠብሰን፣ ጥቁር ካባ አልብሰን ብንመልስለት፣ መቆጣት ያለበት ማን ነው? ይህንኑ ጮክ ብዬ ጠየቅሁት። አዳራሹ ተንጫጫ፤ ሰውዬው ተቀመጠ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ሳልናገር መቅረቴ ቆጨኝ። ብዙ አንባቢዎቼ ቃሉን እኔ ያመጣሁት ይመስላቸዋል። እኔ የተሰደብኩበት ቃል ነው። አሰላ ውስጥ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ የሂሳብ ፈተናዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ነው የተሰጠኝ። የጻፈው ሰው ሣህሌ ይባላል። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው ነው ብዬ ጠልቼዋለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል። አባቴ ከዲሮ እህል ነጋዴ ነው፤ የበቆጂን ገብስ በጆንያ እየሰበሰበ በጭነት መኪና ወደ ናዝሬት ይልካል። ማንበብ አይችልም። አንድ ቁጥርን ግን አሳምሮ ያውቃታል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ካርዴ ላይ «ደረጃ» ከሚለው ጎን የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ካርዶቼን መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በሚስማር መትቶ ለገዢም ለሻጭም ያሳያል። «ኢንተላ ኮ» ይላል በኦሮምኛ፣ የኔ ልጅ፤ ከዚያ ጣቱን አንዷ ላይ ያሳርፋል።

አንደኛ የምወጣበት ዘዴ ቀላል ነበር። አስተማሪዎቻችን ፈተና የሚያወጡት ከመጽሐፉ ነው፤ ቁጥሩን እንኳ አይቀይሩም። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ከነገጹ በቃሌ እይዛለሁ። አንድ ባቡር ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ከማላውቀው ከተማ ተነስቶ ወደማላውቀው ከተማ የሚሄድ። ባቡር አይቼ አላውቅም። መልሱ ግን አንድ መቶ ሃያ ማይል መሆኑን ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅም እናገራለሁ።

መምህር ሣህሌ በዚያ ዓመት መስከረም ከመንዝ ተመድቦ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ግራጫ ኮት ብቻ ያለው፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ የማይበግረው ሰው። በመጀመሪያው ፈተና ባቡሩን ጥሎ በምትኩ የጭነት መኪና አመጣ። መኪናው ከአሰላ ተነስቶ በሰዓት ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በሁለት ሰዓት በቆጂ ቢገባ፣ መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የአባቴ ገብስ በየሳምንቱ የሚመጣበት መንገድ! እኔ ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? አንድ መቶ ሃያ ማይል።

ወረቀቱ ሲመለስ ከስሜ ጎን «ለብለብ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ቲቸር፣ ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«የገብስ እሸት እሳት ላይ ለብለብ አድርገሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ፂሙ ሲቃጠል ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። የበሰለ ይመስላል። ስትነክሺው ግን ወተቱ ገና ነው። ጥፋቱ የእሸቱ አይደለም፤ ሳይበስል ያወጣው ሰው ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያኔ አልሰማሁትም። ስናደድ ጆሮዬ ይደፈናል፤ እስከ ዛሬም አልተሻለኝም።

በጥቅምት አናጢ ዘንድ ሄዶ አርባ አምስት ቀጫጭን ጣውላ አስቆረጠ፤ ጥቁር ቀለም አስቀብቶ ለእያንዳንዳችን አደለን። ጣውላችን ላይ አንድ አንድ ጥያቄ ይጽፍልናል፤ ሠርተን እፊቱ እንቆማለን። መልሱ ትክክል ቢሆንም አይለቀንም። «ለምን?» ይላል። ለምን እንደሆነ ከተናገርን «እጠበው» ወይም «እጠቢው» ይለናል፤ ክፍሉ ውስጥ ባለው የውሃ ባልዲ እናጥበዋለን። ካልተናገርን ጣውላውን እንደተጻፈበት ይዘን ወደ ቤት፣ በማግስቱም ይዘን ወደ ትምህርት ቤት።

እኛ የሙስሊም ልጆች ጣውላውን ወዲያው «ሉህ» አልነው። ከቤታችን በላይ ባለው የሼህ ሁሴኖ ቁርአን ቤትም ደንቡ ይኸው ነበርና፤ ደረሳው እንጨት ሉሁ ላይ በጥላሸት ቀለም የተጻፈለትን፣ ሼሁ ፊት አንዲት ፊደል ሳይስት እስኪቀራው ድረስ ሉሁ አይታጠብም።

እኔ የመጀመሪያ ሉሄን አሥራ አንድ ቀን ተሸከምኩ። አንደኛዋ ልጅ! በሻሼ ሸፍኜ በጓሮ በጓሮ ነበር ወደ ቤት የምገባው። ጉቱ የሚባል የክፍላችን ቀልደኛ አንድ ቀን ሉሁን ዝናብ ላይ አቁሞት ንጹሕ አድርጎ መጣ።

«ቲቸር፣ ዝናቡ አጠበልኝ።»

«ዝናቡ ለምን እንደሆነስ ነገረህ?» አለው ሣህሌ፣ ጥያቄውንም እንደገና ጻፈለት።

ጉቱ ግን ዝም ብሎ የሚሸነፍ ልጅ አልነበረም። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛውን ገልብጠን እናባዛለን። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጉቱ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የሚገለበጠው?» አለ።

ሣህሌ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ተመለሰ።

«አላውቅም» አለ። «እኔንም ገልብጥ ብቻ ነው ያሉኝ።» ከዚያ የቀረ ባዶ ጣውላ አንስቶ ጥያቄውን ጻፈ፤ ከላይ «ሣህሌ»፣ ከሥር «ለብለብ» ብሎ ጨመረበት፤ በብብቱም ይዞ ወጣ። በዚያው ሳምንት አራት ቀን፣ ያን ጣውላ ይዞ በአሰላ ገበያ መሃል ተመላለሰ። በአምስተኛው ቀን መልሱን ይዞልን መጣ። ደብዳቤ ጽፎ ማንንም አልጠየቀም፤ ራሱ ቁጭ ብሎ ነው ያገኘው።

እኔ ይህን ሳይ ደስ አለኝ። ያዋረደኝ ሰው ተዋረደ ብዬ። ስንት መጽሐፍ ካነበብኩ፣ ስንት ሊቅ ነኝ ባይ ካየሁ በኋላ ነው፣ በዚያች ከተማ አይቼው ከማላውቀው ድፍረት ፊት ተቀምጬ እንደነበር የገባኝ። ዛሬ «አላውቅም» የሚል ፕሮፌሰር አሳዩኝና እጅ እነሳዋለሁ።

ከተማው ደግሞ በራሱ መንገድ ተረዳው። ሉህ ይዞ የሚሄድ ትልቅ ሰው! በዚያ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሼህ ሁሴኖ ቁርአን ቤት ገብቶ ከኋላ ቁርበት ላይ ይቀመጣል፤ ደብተሩ ላይም ይጽፋል። እኔ ራሴ በአጥር አይቼዋለሁ። ክርስቲያኑ አስተማሪ ሊሰልም ነው ተባለ። በክርስቲያኖቹ ሠፈር አዘኑለት፤ በእኛ ሠፈር ስም አወጡለት።

«ሳሊህ ነዋ!» አለች አክስቴ ፋጡ፣ ከባሏ ተፋታ እኛ ቤት የምትኖረዋ። «ከሣህሌ ብዙም አይርቅም። ለለመደው ሰው አያስቸግርም።»

«ስሙን ተይው፤ አንቺ ራስሽ ነሽ የማትርቂው» አለቻት እናቴ፣ ሳቋን እየዋጠች። ፋጡ ከዚያን ሳምንት ጀምሮ ፀጉሯን በየሐሙሱ ትቀባ ጀመር።

ሼህ ሁሴኖ እውነቱን የነገሩኝ አርጅተው፣ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። «ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልጠየቀኝም» አሉኝ። «የጠየቀኝ፣ የባላባት ልጅ ሲሆንስ፣ ሳይችል ሉሁን ታሳጥባለህ ወይ ብሎ ነው። አርባ ዓመት አሳጥቤ አላውቅም አልኩት። ያንን ጻፈ።»

በግንቦት ሁለት እንግዶች ከጎበሳ በበቅሎ መጡ። የአባቴ የንግድ ሸሪክና ወንድሙ ናቸው። እጃቸውን ሳስታጥብ ሽማግሌው፣ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለኝ። «ሰባተኛ» አልኩ። «ልትጨርሺ ነዋ! ጥሩ ነው» አለ። ትምህርት የሚወዱ ሰዎች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

በሰኔ ሣህሌ ከአርባ አራታችን ሠላሳ አንዳችንን ጣለ። የእኔ ሠላሳ ስምንት ነበር። ዳይሬክተራችን አቶ ሀይሉ ቢሮ ውስጥ ሲጮህ መስኮት ሥር ሰማሁ።

«የትምህርት ቤቱን ስም አጠፋህ! ቁርአን ቤት አደረግከው፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ሠላሳ አንድ ልጅ ትጥላለህ?»

«አልጣልኩም፤ የወደቁትን ቆጠርኩ።»

አቶ ሀይሉ ሮስተሩን አስቀረና ለሁላችንም ሃያ አምስት ሃያ አምስት ጨመረ። ስልሳ ሦስት አግኝቼ አለፍኩ። አንዷ ቁጥር ባትኖርም አባቴ፣ «አልፈሻል?» አለ። «አልፌያለሁ» አልኩት። ካርዱን ከሌሎቹ ጎን በሚስማር መታው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህር ሣህሌ ቤታችን መጣ። ቤቱ ተተራመሰ። አባቴ ሊሰልም የመጣ መስሎት ሼህ ሁሴኖን አስጠራ፤ እናቴ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበውን የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ጩኮ፣ በቅቤ አሸች፤ ፋጡ ሻሽ ቀየረች። እኔ የጩኮውን ገበቴ ይዤ መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

«እንኳን ደህና መጡ ቲቸር» አለ አባቴ። «አይፈሩ፤ ሼሁም አሉ፤ የልብዎን ይናገሩ።»

«የመጣሁት ስለ ልጅቷ ነው።»

አባቴ ወደ ፋጡ አቅጣጫ ፈገግ አለ። «ስለ የትኛዋ?»

«ስለ ኢፍቱ።»

ኢፍቱ እኔ ነኝ። አባቴ ብድግ አለ። «ኢፍቱ? መል ጄታ? ምንድን ነው የሚሉት? ኢፍቱ ገና ልጅ ናት!»

«ከዲሮ፣ ተቀመጥ፤ ሰውዬውን አስጨርሰው» አሉ ሼሁ።

«ልጅ መሆኗን አውቃለሁ» አለ ሣህሌ። «ስለዚህ ነው የመጣሁት። አንድ ዓመት ስጡኝ።» ከኮቱ ኪስ ወረቀቶች አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋ።

ገበቴውን ጥዬ በጓሮ ሮጥኩ። ሊያገባ የመጣ ሰው የፈተና ወረቀት ምንጣፍ ላይ ምን ሊያደርግ ይዘረጋል? ይህን ለመጠየቅ የሚበቃ ጭንቅላት ነበረኝ፤ አልጠየቅሁም። ሲመሽ ተመልሼ በበሩ ሳልፍ አባቴ እየሸኘው ነበር። «እንግዲህ አንድ ዓመት» አለው፣ እጁን ጨብጦ። «ከዚያ በኋላ ግን ቃል ቃል ነው።»

በመስከረም አባቴ ራሱ ይዞኝ ትምህርት ቤት ሄደ።

«ሰባተኛ መዝግቧት» አለ።

«አቶ ከዲሮ፣ ልጅዎ እኮ አልፋለች» አለ ዳይሬክተሩ።

«አላለፈችም።»

«ካርዱ ላይ...»

«ካርዱን እኔ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። አላለፈችም።»

ከሠላሳ አንዳችን የደገምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ፤ እስክደርስ ድረስ እያቆዩኝ ነው። አባትን ስለ ትዳር መጠየቅ ነውር ነበር፤ እናቴን ባዋራት፣ «አባትሽ ያለው ይሁን» አለች። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ። ማንም ሊነካኝ እስከማይችል ድረስ እማራለሁ፤ ስምንተኛ ገብቼ፣ ሚኒስትሪ ተፈትኜ፣ ሩቅ እሄዳለሁ። ሰውዬውን ለማምለጥ ሰውዬው የሚያስተምረውን ሁሉ መቻል ነበረብኝ።

እንደዚያ ዓመት ተምሬ አላውቅም። በንዴት ነው የተማርኩት። «ለምን?» ሳይለኝ ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። መጋዘን ገብቼ ጆንያ እየቆጠርኩ ሂሳብ እሠራ ነበር፤ አባቴም ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ያየኛል። ሣህሌ ሐሙስ ሐሙስ ቁርአን ቤት መሄዱን ትቶ፣ ለደከምን ልጆች ክፍል ውስጥ ማጠናከሪያ ይሰጥ ጀመር። የክፍሉን በርና መስኮት ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ብርዱ አጥንታችን እስኪገባ። እኔ ለማምለጥ እንዲመቸኝ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። በሩን የከፈተው ለእኔ ብሎ፣ ስለ እኔ ማንም አንዲት ክፉ ቃል እንዳይናገር ብሎ መሆኑን ያወቅሁት እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ሰኔ 1965 ደረሰ። አንድ ረቡዕ ሣህሌ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ፣ «ወደ አቦምሳ ተዛውሬያለሁ» አለን። «ዓርብ እሄዳለሁ።»

ዓመቱ ሞላ። ይዞኝ ሊሄድ ነው።

«ኢፍቱ፣ ሉህሽን ይዘሽ ነይ። ስድስት ኩንታል ገብስ አለ። አንዱ ጆንያ የኩንታል ሦስት አራተኛ ይይዛል። ስንት ጆንያ ያስፈልጋል?»

«ስምንት።»

«ለምን?»

«ስድስት ኩንታል ሃያ አራት ሩብ ነው። ጆንያው ሦስት ሦስት ሩብ ይወስዳል። ሃያ አራት ለሦስት ስምንት ነው። የምንገለብጠው ለዚህ ነው፤ በአራት ያባዛነው ሩቦቹን ለመቁጠር፣ ለሦስት ያካፈልነው ጆንያ ለመሙላት ነው።»

ሣህሌ «እጠቢው» አለ።

አላጠብኩትም። «አላገባዎትም!» አልኩ።

ከልማዱ የተነሳ ይመስለኛል፣ «ለምን?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉቱ ስምንተኛ አልፎ ስለነበር በዚያ ክፍል አልነበረም፤ ይህን በዓይኑ አለማየቱ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። እኔ ግን ለመመለስ ቆርጫለሁ።

«አንደኛ፣ ገና አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሁለተኛ፣ ሚኒስትሪ ሳልፈተን የትም አልሄድም። ሦስተኛ፣ ሰው የሚያገባትን ልጅ ለብለብ ብሎ አይሰድባትም!»

ጆሮው ቀላ። ግን አላቋረጠኝም፤ ልጆቹን በእጁ ዝም አሰኝቶ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ቀደም ማንም እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም።

«ምክንያቶችሽ ደህና ናቸው» አለ። «ሦስተኛው በጣም ጥሩ ነው። አሁን ሁሉም የቆሙበትን አሳዪኝ። ላገባሽ እንደምፈልግ በምን አወቅሽ?»

«አንድ ዓመት ስጡኝ ሲሉ ሰማሁ።»

«ከዚያስ ምን አልኩ?»

«ሮጥኩ።»

«አባትሽን ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅሁም።»

ሉሄን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። በጀርባው በትልቁ «ለብለብ» ብሎ ጻፈና መለሰልኝ። «ጠይቀሽ ነገ ይዘሽው ነይ።»

የዚያን ቀን ሉሄን በሻሽ አልሸፈንኩትም። ቀጥ ብዬ መጋዘን ገብቼ አባቴ ፊት አቆምኩትና ጠየቅሁ። አባቴ መጀመሪያ ጆንያ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ባል አልነበረም እንዳትይ፤ ነበር» አለ። «የጎበሳዎቹ ላንቺ ነበር የመጡት። ሰባተኛን ስትጨርስ ልጄን ለልጃችሁ እሰጣለሁ ብያቸው ነበር። አለፍኩ ስትዪኝ ጨረሰች ብዬ ልልክላቸው ነበር። ያ ሰውዬ መጥቶ አልጨረሰችም አለኝ።»

«አንተስ አመንከው?»

«በወረቀቱ አላመንኩትም፤ ማንበብ አልችል። እሱም ያውቃል። ስድስት ኩንታል ገብስ ቢኖርዎት፣ ጆንያው ሦስት አራተኛ ቢይዝ አለኝ። ስምንት አልኩት፤ ይሄ ይጠየቃል? ይህን እርስዎ ሳይማሩ የሚያውቁትን ልጅዎ ሰባት ዓመት ተምራ አታውቀውም አለኝ። ወላሂ ኢፍቱ፣ ካርዱን ያየሁበት ዓይኔ አፈረ።» ከግድግዳው ላይ ያችን የስልሳ ሦስቷን ካርድ አየ። «አንድ ዓመት ስጡኝ፤ ካወቀች እስከፈለገችው ትማር፣ ካላወቀች የፈለጉትን ያድርጉ አለኝ። ቃል ተጨባበጥን።»

«ታዲያ አሁንስ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ስንት ጆንያ ነው?»

«ስምንት።»

«ቃል ቃል ነው» አለ አባቴ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ወደ አቦምሳ የሚልኩትም ለዚሁ ነው። በየሰው ቤት እየዞረ ልጃችሁ አላለፈችም የሚል አስተማሪ ማን ይወዳል?» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሣህሌ ደብተሮቹን በገመድ እያሰረ ነበር። በሩ እንደ ወትሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሉሄን በጀርባው በኩል ይዤ እፊቱ ቆምኩ።

«ጠየቅሽ?»

«ጠየቅሁ።»

«እህ?»

«አላገባዎትም» አልኩ።

ቀና አለ። «ለምን?»

«ስላልጠየቁኝ።»

ገመዱን አስቀመጠና ባልዲው ወዳለበት በእጁ አሳየኝ።

«እጠቢው።»